ዋልካ የቀደመው የገላነሽ አበባ

ስማ! ስማ! ጆሮ ያለህ በራስህ ጆሮ፣ የሌለህም በጎረቤትህ ጆሮ ስማ! ከርብ እስከ ጉማራ፣ ከጣና ዳር እስከ ይፋግ ገበያ፣ በፎገራ ሜዳ ላይ ቆመህ የምትሄድ ሰውና ተኝተህ የምታመሰኳ ከብት፣ አንድ ላይ ስማ! ርስት የሌላት፣ ጉልት የሌላት፣ እልፍኝ አስከልካይ ቀርቶ እልፍኝ የሌላት፣ በበቅሎ ጀርባ ቀርቶ በበቅሎ ጥላ ተቀምጣ የማታውቅ ወይዘሮ ገላነሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጊዜው ላለፈበት የአበባ ሽንኩርት ሁሉ የበላይ ጠባቂ ሆና ተሹማለች። የሾማት የለም። ደመወዟ አልታወቀም። ማኅተሟ አውራ ጣቷ ነው። ይህን ሹመት የሚቃወም ቢኖር፣ በኅዳር ወር ዶማውን ይዞ ዋልካ ላይ ይቁምና ይሟገት።

ከአዋጁ እንውረድና ሴትዮዋን እንይ።

ገላነሽ የጨፌ ማርያም አጥቢያ ሰው ናት። ጨፌ ማርያም ከወረታ ወደ ጣና ሲወርዱ ያለች ደብር ናት፤ ክረምት ሲገባ ደሴት፣ በጋ ሲሆን ጉብታ የምትሆን። የገላነሽ ባል ርብ በሞላ ጊዜ የሰው ላም ሊያሻግር ገብቶ፣ ላሟ ወጣች፣ እሱ ቀረ። የላሟ ጌታ አቶ በላቸው ነበር፤ ከብቱን ቆጥሮ የማይጨርስ፣ ስሙንም ፈርሞ የማይጨርስ ሰው። ለተዝካሩ መጣና «እግዜር ያጽናሽ፤ ላሟ ደኅና ናት» አላት። ሊያጽናናት ብሎ ነው። የሰው ሀብት ከመጠን ሲያልፍ ማጽናናቱም እንዲህ ይሆናል።

ሦስት ልጆች ወልዳ ነበር። የፊተኛው ሄደ፣ የኋለኛውም ሄደ፣ መካከለኛዋ አማከለች ተረፈች። እሷን ለማሳደግ ገላነሽ ወረታ ወጥታ፣ ከመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ልብስ አጣቢ ሆነች። እዚያ መሬት የሚለካ አንድ ፈረንጅ ነበር፤ ሰው ሁሉ «ሚስተር» ይለዋል። ሚስተር በድንኳኑ ደጃፍ አንድ መደብ አበባ ተክሏል። ከሥሩ እንደ ሽንኩርት ራስ ያለው፣ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ነጭ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽታው እስከ መንገዱ የሚደርስ አበባ ነው። የወረታ ሰው ይህን አይቶ ሲስቅ ከረመ። «ሽንኩርት ይተክላል፤ አይበላውም። ቆሞ ያየዋል። ጥጋብ እንዲህ ነው!» ገላነሽ ግን ልብሱን አስጥታ ስትመለስ በዚያ መደብ በኩል ታልፍ ነበር። ሌላ አጭር መንገድ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ ያ ክፉ የወባ ዓመት መጣ፤ ዘመኑ ሃምሳ አንድ ነው። ኅዳር ላይ ፎገራ ሰው ቀባሪ አጣ። አማከለችም ወደቀች። አሁን በዚህ አገር ልጅ ሲወድቅበት ሰው ሁሉ ይሳላል። ያለው በሬ፣ ከሱ የሚያንሰው ፍየል፣ ከሱም የሚያንሰው ጧፍና ዕጣን ይሳላል። ገላነሽ ቤቷን ብታይ፣ ከድስትና ከልጅ በቀር የለም። ድስቱን ለታቦት አይሰጡት ነገር ጠርዙ ተሸርፏል። እንግዲህ ወደ ጨፌ ማርያም ዞራ እንዲህ አለች፦

«እመቤቴ፣ ይህቺን አትውሰጂብኝ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ፣ እስካለሁ ድረስ፣ በየዓመቱ ለአስተርእዮሽ በእጄ የተከልሁትን አበባ አመጣልሻለሁ።»

አስተርእዮ ማርያም ጥር ሃያ አንድ ነው፤ የእመቤታችን የዕረፍቷ በዓል። ልጅቱ ዳነች። ስለት የሰማች ጎረቤት ደግሞ አፏን አትዘጋምና፣ ነገሩ ከቄሰ ገበዙ ጆሮ ደረሰ።

ቄሰ ገበዝ ተክለ ሃይማኖት የደብሩን ንብረት የሚጠብቁ አባት ናቸው። ሲጠብቁ ሲጠብቁ፣ የቱ የደብሩ የቱ የራሳቸው እንደሆነ መለየት አቅቷቸው፣ ሁለቱንም አንድ ላይ መጠበቅ ጀምረዋል። ገላነሽን አስጠሯት።

«አበባ ነው የተሳልሽ አሉኝ?»

«አዎ አባቴ።»

«አበባ ምን ያደርጋል? ፍየል አይሻልም?»

«ፍየል የለኝም አባቴ።»

«አበባስ አለሽ?»

«የለኝም። እተክላለሁ።»

«ፍየልም እኮ ይረባል» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ሄዱ።

እግዜር ሲሰጥ ሚስተር ሥራውን ጨርሶ በግንቦት ሊሄድ ተነሳ። መደቡን አስቆፍሮ፣ የአበባውን ሽንኩርት በከረጢት አድርጎ ለገላነሽ ሰጣት። ሚስተር እጁን እያወናጨፈ ብዙ ተናገረ። ተርጓሚው ችኩል ሰው ነበርና ሁሉንም ባንድ ጉርሻ አደረገው፦ «ዝናም ሲያበቃ፣ ውኃ ሲሸሽ፣ መሬቱ ሳይደርቅ ትከዪ ይልሻል።» የቀረው ንግግር የት እንደገባ ተርጓሚው ያውቃል።

አሁን የዋልካን ጠባይ ለማያውቅ ደገኛ ጥቂት ልንገረው። ዋልካ የፎገራ ጥቁር መሬት ነው። ክረምቱን ከውኃ በታች ይተኛል። ውኃው ሲሸሽ መጀመሪያ ጭቃ ነው፤ በሬ ውጦ ቀንድ ያስቀራል። ከዚያ ጥቂት ቀን፣ ጥቂት ብቻ፣ እንደ ሊጥ እሺ ይላል። ያን ጊዜ ያልተሰጠውን ዘር ሌላ ጊዜ አይቀበልም። ወዲያው ይጨክናል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የጥጃ እግር ይሰብራል። ሥልጣኔ ሥልጣኔ የምትል በራሪ ወረቀት ሁሉ ስለ ትራክተር ትሰብካለች፤ ዋልካ እሺ የሚልበትን ሳምንት የሚያራዝም ትራክተር እስካሁን አልተጻፈልንም።

በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ውኃው ዘገየ። መሬቱ እሺ ያለው በጥቅምት አጋማሽ አልፎ ነው፤ እሺ ባለበትም ሳምንት ቅዱሳኑ በሰልፍ መጡ። ዓርብ ገብርኤል ዋለ። ቅዳሜ ሰንበት። እሑድ ሰንበትም ነው ማርያምም ናት። ማክሰኞ ጊዮርጊስ፣ ረቡዕ ተክለ ሃይማኖት። በነዚህ ቀኖች መሬት የወጋ ሰው በረዶ ይጠራል፣ አገሩን ያስመታል ይባላል፤ ዶማ ይዞ የታየም ይወገዛል። በመካከል አንዲት ሰኞ ተረፈች። ሰኞ አገሩ ሁሉ ለራሱ ዘራ። ገላነሽ ግን ሰኞ የአቶ በላቸው ደቦ ላይ ነበረች፤ በሐምሌ በሬዎቹ ጤፏን አርሰውላት ስለነበር፣ ሽምብራውን ልትዘራ ተጠርታለች። ባሏን የወሰደው የዚያ ሰው ከብት፣ ሰኞዋንም ወሰደባት።

ማክሰኞ ጧት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ቄሰ ገበዙን ጠብቃ ያዘቻቸው።

«አባቴ፣ አንዲት መደብ ናት። በመቆፈሪያ ጫር ጫር ባደርጋትስ? ለእመቤታችን እኮ ነው።»

«ለእመቤታችን ብለሽ በጊዮርጊስ ቀን መሬት ልትወጊ? ልታጣያቸው ነው?»

«ኧረ እኔ ማንን ከማን አጣላለሁ አባቴ፤ መሬቱ ሊደርቅብኝ ነው።»

«ይድረቅ። የደረቀ መሬት ይሻላል ከረከሰ መሬት።»

ወሩ ደግሞ ዘመነ ጽጌ ነው፤ የአበባ ወር። ቄሰ ገበዙና ጓደኞቻቸው እሑድ እሑድ ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው አበባ፣ አበባ፣ አበባ ሲሉ ያድራሉ። ጽናጽሉ ስለ አበባ፣ ከበሮው ስለ አበባ። በዚያው ሳምንት አንዲት መበለት እውነተኛውን አበባ ልትተክል ስትመጣ፣ ወሩ አይፈቅድም። የሚዘመርለት አበባና የሚተከለው አበባ በዚህ አገር ከተለያዩ ቆይተዋል።

ሐሙስ ሄደች። መቆፈሪያውን አንስታ ብትወጋው መሬቱ «ቋ!» አለ። ደግማ ወጋችው፤ መቆፈሪያው እጀታውን ጥሎ ሄደ። ከርብ በእንስራ ውኃ እየቀዳች አፈሰሰችበት። ስንጥቁ ጠጣ። ሌላም አመጣች። ጠጣ። ጎረቤቷ ድንቅነሽ፣ አፏ ከወፍጮዋ ቀድሞ የሚነሣ ሴት፣ በዚያ ስታልፍ ቆመች።

«ምነው እቴ ገላነሽ፣ ስንጥቁ እንግዳ ነው እንዴ የምታጠጪው?»

«ዝም በይኝ ድንቄ።»

«ኧረ ዝም እልሻለሁ። ግን ያቺን የጅብ ሽንኩርት ለጅብ ሰጥተሽ አትገላገይም?» የጅብ ሽንኩርት እንግዲህ በወንዝ ዳር የሚበቅል፣ ከብት እንኳ የሚሸሸው መርዛም ነገር ነው።

«የተሳልሁት ለጅብ ነው እንዴ?» አለች ገላነሽ። እንስራውን ይዛ እንደገና ወደ ርብ ዞረች። ድንቅነሽ ይህን ስታይ እንስራውን ተቀበለቻትና አንድ ጊዜ ቀዳችላት። ስንጥቁ እሱንም ጠጣ።

እንግዲህ ያልተተከለ የአበባ ሽንኩርት ምን ይደረጋል? ገላነሽ የምታውቀው የሽንኩርትን ወግ ነው። ለዘር የሚሆን ሽንኩርት ከምድጃው በላይ ከቆጥ ተሰቅሎ፣ ጭስ እያጠነው ይከርማል። ሰቀለችው። ይህ ስሕተት ነበር፤ ግን ከዘጠኝ ትውልድ የተወረሰ ስሕተት ስለሆነ ማንም ስሕተት አይለውም። ሽንኩርት ለመተኛት ጭስ ይወዳል፤ ይህ ግን የሚተኛበት ጊዜ አልፎ ሊነሣ የሚታገል ነገር ነው። ልጡ ተሸበሸበ። ከአናቱ የገረጣ ቀንበጥ ብቅ ብሎ፣ ጭሱን አይቶ ተጠማዘዘ።

በዚያው ሰሞን አማከለችን ትኩሳቱ መለሳት። አንድ ቀን ይለቃታል፣ በነጋታው ያንቀጠቅጣታል። ድንቅነሽ ልታጽናና መጣችና ስለቱን አዘግይቶ በሬው ገደል የገባበትን ሰው አወራቻት፤ ከሱም ቀጥሎ ልጁ የሞተበትን። ከወጣች በኋላ ገላነሽ ከመደቡ ወርዳ ቆጡን አየች፤ ልጅቱን አየች። ከላይ የሚጠወልገውና ከታች የሚጠወልገው አንድ መሰላት። አዋቂ ነኝ ባይ ይህን ሰምቶ «መሃይምነት ነው» ይበል። ልጁ በትኩሳት የምትንቀጠቀጥበት አዋቂ አግኝቼ ባየሁት ግን እወድ ነበር።

ቄሰ ገበዙ ይህን ጊዜ አልሳቱትም። «ልጅቱን አመማት አሉ። አየሽ? እመቤታችን አትረሳም። ፍየል አምጪና ከስለቱ ልፍታሽ።»

«ፍየል አላልሁም፤ አበባ ነው ያልሁ።»

«እኔ እፈታሻለሁ እያልሁሽ!»

«የተሳልሁት ከርስዎ ጋር ቢሆን ኖሮ እሺ ባልሁ ነበር፣ አባቴ።»

ይህን የተናገረችው እየፈራች ነው። ቤቷ ስትገባ ሽንኩርቱን ከቆጡ አወረደችና አንድ ባንድ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። እሺ ብሎ የሚገባው በስብሷል፤ ለብቻ አስቀመጠችው። ልጡ ተሸብሽቦ ልቡ እምቢ የሚለው ገና አለ። ያለውን በጨርቅ ጠቀለለች። በነጋታው ልጅቱን ወንዛዬ ፍል ውኃ ለማስነከር ስትነሣ፣ ጥቅሉንም ያዘችው። ቤት ብትተወው የሚጠብቀው የለም፤ አይጥ ደግሞ ስለትና ምሳ አይለይም።

ወንዛዬ ከምድር ሆድ እየፈላ የሚወጣ ውኃ ነው። ቁርጥማታም፣ እከካም፣ ሆዱን የሚያመው፣ ሚስቱ የሰለቸችው ሁሉ እዚያ ይነከራል። ነካሪዎቹን የምታስተናግድ እማሆይ ወለተ ሚካኤል የምትባል መነኩሴ ነበረች። ምላሷ ከፍል ውኃው አይበርድም። ገላነሽ ልጅቷን አስነክራ ከውኃው ሥር ስትወርድ፣ ውኃው እየተንፎለፎለ በሚሄድበት ቦይ ዳር ሣሩ ለምለም ሆኖ አየችው። ኅዳር ነው። አገሩ ሁሉ ደርቋል። ጎንበስ ብላ መሬቱን በመዳፏ ዳሰሰችው። እርጥብ ነው። የሞቀም ነው፤ ከሰው ሆድ ሥር እንዳለ አልጋ።

የዚያን ቀን በዓል አልነበረም። ቢኖርም ለመጠየቅ አልጠበቀችም። ከምንጩ አፍ አጠገብ፣ መሬቱ ይበልጥ ከሚሞቅበት፣ ቶሎ ይደርስልኛል ብላ ግማሹን ተከለችው።

በሦስተኛው ቀን ልታየው ብትጭር፣ አብስላዋለች። ልጡ ተልጦ፣ ልቡ ላብ አውጥቶ፣ የጥቅል ጎመን ሽታ ይሸታል። እማሆይ ወለተ ሚካኤል በላይዋ ቆመች።

«አንቺ፣ ለእመቤታችን አበባ ነው የምታመጪላት፣ ወጥ?»

ገላነሽ የበሰለውን ከእጇ ጣለችው። ተቀመጠችና አለቀሰች። ልቅሶዋ ድምፅ አልነበረውም። መነኩሴዋ ስትስቅ ቆይታ ሳቋ ሰለቻት መሰል፣ አጠገቧ ዝቅ አለች።

«ሁሉንም ነው የቀቀልሽው?»

«ግማሹ አለ፣ እማሆይ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ታለቅሻለሽ? ልጅ ስታጥቢ ውኃውን በምንሽ ነው የምትለኪ?»

ገላነሽ ቀና አለች። ክንዷን ገለጠች። በቦዩ ዳር እየተሳበች፣ ክርኗን እየነከረች ወረደች። እዚህ ያቃጥላል። እዚህም ያቃጥላል። ከታች፣ ቦዩ ከቀዝቃዛው ጅረት ከሚገናኝበት ቀደም ብሎ፣ አራስ ልጅ የሚታጠብበት ሙቀት አገኘች። የቀረውን እዚያ ተከለች። ነካሪ እንዳይረግጠው በእሾህ አጠረችው።

እንግዲህ ወንዛዬ ሰነበተች። ለእማሆይ ውኃ ትቀዳለች፣ ትፈጫለች፤ ልጅቱ ትነከራለች። ትኩሳቱ ለቀቃት። ፍል ውኃው ይሁን፣ ከወባው ሜዳ መውጣቷ ይሁን፣ የእማሆይ የሽሮ ፍትፍት ይሁን፣ ያዳናት ብዙ ነው፤ ሁሉም «እኔ ነኝ» ይላል። ገላነሽ ግን ቀንበጡን ታያለች። ቀንበጡ ቀና አለ፤ አረንጓዴ ሆነ፤ ዘንጉ እንደ መቋሚያ ተመዘዘ። አንድ ቀን ካኪ የለበሰ ሹም መሳይ ከአሽከሩ ጋር መጥቶ እሾሁን በከዘራው ነካ።

«ምንድን ነው የተከልሽው?»

«ስለት ነው ጌታዬ።»

«ስለት ይበቅላል እንዴ?»

«ውኃ ካገኘ።»

ሹም መሳዩ ሳቀ፤ አሽከሩም ጌታው ስለሳቀ ሳቀ።

ጥር ገባ። ዘንጉ እምቡጥ ይዟል፤ አልፈነዳም። ጥር አሥራ ስምንት፣ አልፈነዳም። እንግዲህ መቅረት የለም። ከነአፈሩ ፈንቅላ፣ በተሰበረ ጋን ግማሽ ውስጥ አደረገችው። ጋኑን እንደ ልጅ በጀርባዋ አዘለች፤ ልጅቱ በእግሯ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። መንገድ ላይ አድረው፣ የበዓሉ ዋዜማ ዕለት ጨፌ ማርያም ገቡ። እምቡጡ እንደ ተጨበጠ ጣት ነው።

በበዓሉ ጧት ስለት ያለበት ሁሉ ስለቱን ይዞ ከቅጥሩ ገባ። አቶ በላቸው አንዲት ፍየል ይዞ መጥቷል፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ ዓይነ ደረቅ ፍየል። ከወይራው ሥር አሰራት። ገላነሽ ጋኗን በዚያው ጥላ ሥር አወረደች። ቄሰ ገበዙ መጡና ጎንበስ ብለው አዩ።

«አበባው የታል?»

«ይኸውና አባቴ።»

«ይህ አበባ ነው? ይህ እምቡጥ ነው። የተሳልሽው አበባ ነው፤ ያመጣሽው እምቡጥ። ስለቱ አልደረሰም።»

የኔታ ገብረ ኪዳን፣ የደብሩ መሪጌታ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ ሽማግሌ፣ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» እያሉ ተጠጉ። ሲነገራቸው «እምቡጥ አበባ ነው» አሉ። «ያልተወለደ ልጅ ልጅ አይደለም ወይ?» ቄሰ ገበዙ «ያልተወለደ ልጅ ክርስትና ይነሣል ወይ?» አሉ። ሌሎቹ ካህናት ተሰበሰቡ። እንደ መጻሕፍት ትርጓሜ ገሚሱ ላይ ቤት፣ ገሚሱ ታች ቤት ገባ። አንዱ እምቡጥ በባሕርዩ አበባ፣ በግብሩ ቅጠል ነው ይላል። አንዱ ግብሩም ባሕርዩም ቅጠል ነው ይላል። ጥምጥም ተዛነፈ፤ መቋሚያ መሬት መታ። ሰው ሁሉ ወደ ሙግቱ ዞረ። ገላነሽ ልጇን በቀሚሷ ጥላ ይዛ ቆማለች፤ ከሚባለው አንዱም አይገባትም። የሚገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለቱ ካልደረሰ ልጅቱ ያለ ዋስ ናት።

ሙግቱ በጦፈ ጊዜ አማከለች «እማ! እማ! ፍየሏ!» ብላ ጮኸች።

የአቶ በላቸው ፍየል ገመዷን እስከ ጫፍ ስባ፣ አንገቷን አስግጋ፣ እምቡጡን እያኘከች ነበር። ያጋመሰችው ዘንግ እንደ ሣር ከአፏ ተንጠልጥሏል። ዓይኗ ወደ ካህናቱ ነው፤ እሷም ከየትኛው ቤት እንደሆነች ታስባለች።

ገላነሽ መሬት ተቀመጠች። «አለቀ» አለች።

ቄሰ ገበዙ ቀድመው ተናገሩ። «እንግዲህ አየሽ! እምቡጡም የለ። ስለቱ አልገባም።»

«ቆይ እስቲ» አሉ የኔታ ገብረ ኪዳን። «ፍየሏ የማን ናት?»

«የአቶ በላቸው» አለ ሰው።

«የአቶ በላቸው ነበረች። ከበር ከገባች የማን ናት፣ ተክለ ሃይማኖት?»

ቄሰ ገበዙ ጥያቄውን ወደዱት። «ከቅጥር የገባ ሁሉ የእመቤታችን ነው። ቆዳውም ሥጋውም።»

«ጋኑስ ከበር አልገባም?»

ቄሰ ገበዙ ጥምጥማቸውን አቀኑ።

«የማርያም ፍየል የማርያምን አበባ በላች። ባልና ሚስት መካከል ገብተህ ምን ትሠራለህ? ስለቱ ከበር ሲገባ ገብቷል። አንቺ ልጅ፣ ተነሺ። ተቀብላልሻለች።»

ሕዝቡ እልል አለ። እልልታው ለፍርዱ ይሁን ለፍየሏ አልተለየም። ከሰዓት በኋላ ፍየሏ ታረደች፤ ቄሰ ገበዙም የማርያምን አበባ የበላችውን የማርያም ፍየል፣ በማርያም ስም፣ ከጎድኗ ጀምረው በሉ።

ገላነሽ ያን ቀን ደስ አላላትም። ፍርዱን ተቀብላለች፤ የተሳለችው ግን ፍርድ አልነበረም። ጋኑን ቤቷ ይዛ ገባች። ከታጠፈ ቅጠል ሥር ፍየሏ ያላየችው አንድ እምቡጥ ቀርቶ ኖሯል። በሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እሱ ፈነዳ። ሽታው ሲሸታት ከወፍጮዋ ተነሣች። ጋኑን አቅፋ፣ ልጅቷን አስከትላ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች። በዓል አልነበረም፤ ካህን አልነበረም፤ በሩ ተዘግቷል። ከደጃፉ አኖረችውና ሦስት ጊዜ ሰግዳ፣ «ዘገየሁብሽ፤ ዋልካው ነው» አለች። ከዚያ ቁጭ ብለው፣ እናትና ልጅ፣ እስኪጨልም አዩት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ነው። ዋልካው እሺ ሲላት በጥቅምት ከደጇ ትተክላለች። ውኃው ሲዘገይ፣ ቅዱሳኑ ሲሰለፉ፣ የሰው ደቦ ሲጠራት፣ ጊዜው ያልፋል። ያን ጊዜ ጭስ የለም፤ ተምራለች። ሽንኩርቱን በወንዝ አሸዋ ቀብራ፣ ከቤቷ ጥላ ታቆየዋለች፤ በየሰንበቱ በአውራ ጣቷ ትጎበኘዋለች፤ ልቡ እምቢ የሚለውን ይዛ ወንዛዬ ትወርዳለች። እማሆይ ወለተ ሚካኤልም እዚያው ናት፤ «ወጥ ሠሪዋ መጣች» ትላለች። የቄሰ ገበዙ ቁጥር ሌላ ነው፤ በሳቸው አቆጣጠር የመጀመሪያው ዓመት ስለት እስካሁን ይቀራል፤ ፍየል ነው።

ዘንድሮ፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ውኃው እንደገና ዘገየ። ዋልካው ቀደማት። አማከለች ይፋግ ተድራ፣ ባለፈው ሳምንት ወልዳለች፤ አራስ ናትና መንገድ አትወጣም። ገላነሽ ደግሞ በሐምሌ ከጭቃው ተንሸራታ ወገቧን ተመታለች። እስከ ወረታ አውቶቡስ ማቆሚያ በብትር ትደርሳለች፤ ከዚያ ወዲያ እግሯ አይታዘዝም። በግራ በኩል፣ ከጨው ነጋዴዎቹ ቀጥሎ፣ እንቅቧን ከፊቷ አድርጋ ትቀመጣለች። የሚያልፈው ሁሉ «ሽንኩርቱ ስንት ነው?» ይላታል። «አይሸጥም» ትላለች። «ታዲያ ምን ይሠራል እዚህ?» ይላታል። ለዚህ መልስ መስጠት ውርደት መስሏት እንቅቧን ወደ ራሷ ታስጠጋለች። ልመና አታውቅም፤ ለዚህ ነው እኔ የምለምንላት።

አንተ ይህን የምታነብ፣ ቁርጥማትህን ልትነክር ወንዛዬ የምትወርድ ወንድሜ፤ አንቺም፣ ጠበል ጠበል እያልሽ በየዓመቱ ከዚያ አውቶቡስ የምትወርጂ እኅቴ፤ የሽንኩርት ዋጋ አትጠይቋት። ለአስተርእዮ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ይፋግ ያለችው አራስ ከነልጇ በዚያ እንቅብ ዋስትና ተኝታለች። ስንቅህን በአንድ እጅህ ከያዝህ፣ ሌላው እጅህ ባዶ ከሆነ፣ እንግዲህ እንቅቡን ተቀበላትና ወንዛዬ ለእማሆይ ወለተ ሚካኤል አድርስላት።